የዘፋኙ መርዶ

የያዙኝ የሙሽራ ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ተግተልትለው ገቡ፤ አንደኛው ካውያውን ከእጄ ነጠቀና እዚያው ሱሪው ላይ አስቀምጦ ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። «ኧረ ይቃጠላል» አልኩ። መልሱ ጥፊ ነበር። ከሱቄ ሲጎትቱኝ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸተኛል። ያ ልጅ ሠርጉ ላይ ምን ለብሶ እንደተሞሸረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወንጀሌ አቡጀዲ ነው። ዲላ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴም ከሰሜን መጥቶ፣ በዚችው ከተማ በዚሁ ሙያ ኖሮ ነው የተቀበረው። ወጣቶች መጥተው ነጭ አቡጀዲ ቀጥልልን አሉኝ። ቀጠልኩ፣ ዳር ዳሩን ዘመዘምኩ፣ ሰጠኋቸው። ምን እንደጻፉበት ያየሁት ሰልፉ በሱቄ ደጅ ሲያልፍ ነው፤ ስለተወሰደ መሬትና ስለወሰዱት ሹሞች ይላል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኛል። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነበር።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ብርሃን የምታስገባ አንዲት ክፍተት ብቻ አለች። የጀንፈል ቡናው ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ በላዩ ላይ የላብ፣ የቁስልና የሽንት ባልዲው ሽታ ተጨምሮበታል። ከሰው ብዛት የምንተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ መስመሩ በሙሉ አብሮ ይገላበጣል። ገፍትረው ሲያስገቡኝ ከአፍንጫዬ ደም ይወርድ ነበር። ጥግ ላይ የነበረ አንድ ሰው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝና በፎጣው ጫፍ አፍንጫዬን ያዘልኝ።

ይህ ሰው የዘፋኙ ወንድም ነው።

የዘፋኙን ስም አልጠራም፤ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በየበዓሉ ዋዜማ ነጭ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በደረጃ እየወረደ የሚመጣው፣ ከተመልካቹ መሃል አንዲት እናት እጇን ይዞ አስነስቶ የሚያስጨፍረው፣ ቀልዱ ማንንም የማይነካው እሱ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ እናት፣ ስለ ዘገየች ፍቅረኛ ይዘፍናል። ለእኔ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር። ሚስቴ እንባዋን ስትጠርግ እኔ የኮቱን ትከሻ ነበር የማየው፤ የግራው ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሰፊው ማን እንደሆነ እንጃ። አገር ግን ይወደዋል። ይርጋጨፌ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ እኛ አካባቢማ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው የሚታየው።

ወንድምየው በመልክ አይመስለውም። አጭር፣ ጠቆር ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ አሪቻ በኩል ያለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ለሰልፉ መኪና ሰጥተሃል ብለው ነው ያመጡት። ከእሱ የሚፈልጉት ፊርማ ነው፤ ሰልፉን ያዘጋጁት የማጠቢያው ሠራተኞች ናቸው የሚል ቃል ላይ። ከፈረመ እሱ ይወጣል፣ ሠራተኞቹ ይገባሉ። ደጋግመው ደብድበውታል፤ አልፈረመም። የሚያሳስበው ግን ዱላው አልነበረም። ዘፋኙ ታላቁ ነው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ሞቶ ከእህታቸው ጋር ሆኖ ያሳደገውም እሱ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ታናሽየውን የያዙት ሊጠይቀው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ነው። አዲስ እስረኛ በመጣ ቁጥር ቁስሉን ካየለት በኋላ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ስለ ወንድሜ የሰማኸው ነገር አለ?» እኔንም ጠየቀኝ። ይሻለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩት፤ እውነትም ሰምቼ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሲለምኑት ስለ ወንድሙ ያወራልናል። ልጅ ሳለ ቡና ለቃሚ ሴቶች መሃል ገብቶ ሲዘፍን ሴቶቹ እጃቸው ይፈታና ሥራው ይቆማል፤ አሠሪው በዱላ ያባርረዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ለልጁ ብለው አሠሪውን ይሰድቡታል። ይህን ሲያወራ ብቻ ነው ጥርሱ የሚታየው። እኔም ቀስ በቀስ ያን ስኳራም ዘፋኝ ወደድኩት፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ የሚወራ ነገር የለንም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ጯሂ አይደለም፤ ሸሚዙን አስተኩሶ የሚለብስ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጨርቁን ማን እንዳሰፋኝ ጠየቀኝ። ደንበኛን ስሙን አልጠይቅም፣ ወገቡን ነው የምለካው አልኩት። ይህቺ ምላሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አስደብድባኛለች። አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባዬ አስተኝተው እግሬን አሰሩና ውስጥ እግሬን በውሃ ጎማ ይመቱኝ ጀመር። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከዚያ ሕመሙ በአጥንት በአጥንት ወጥቶ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጩኸቴን እንዲሸፍንላቸው ቴሌቪዥኑን ከፍተው ድምፁን ጨመሩት። አንገቴ ወደ ኋላ ስለተንጠለጠለ ቴሌቪዥኑን የማየው ተገልብጦ ነው። ዘፋኙ ነጭ ልብሱን ለብሶ በደረጃው ይወርዳል። በዓል ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ጥግ ላይ የሚነድ ሻማ አየሁ፤ ከሥሩ ስሙ ከነትውልድ ዘመኑና ከነዕረፍቱ ተጽፏል።

ሲደክማቸው ወደ መሬት አወረዱኝ። ራሴን የሳትኩ መስሏቸዋል። መርማሪው ለባልደረባው የተናገረውን ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ ሰማሁት፤ «ነገ ታናሽየውን አመጣና ድንገት አሳየዋለሁ። ከፈረምክ ቀብሩ ላይ ትደርሳለህ እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል።»

በዕድሜዬ ብዙ ክፋት አይቻለሁ፤ ሰውን በመርዶ መግረፍ ግን አዲስ ሆነብኝ። ለደመኛ እንኳ መርዶ በወግ ነው። ሰውየው በልቶ ያድራል፣ ሲነጋ ሽማግሌዎች ይሄዱለታል፣ ግራና ቀኝ ሰው ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ድንገት የተነገረው ሰው ገደል ይገባል፣ ያብዳል፣ የሚያደርገውን አያውቅም። መርማሪውም እዚሁ ያደገ ስለሆነ ይህን ያውቃል። ከጎማው ይልቅ ይህ አነደደኝ።

በብብቴ ይዘው ጎትተው መለሱኝ። እግሬን ያጠበልኝ ያው ወንድምየው ነው፤ የሚጠጣትን ውሃ አፍስሶ በፎጣው ይነካካኛል። እዚያ ሬዲዮ ወይ ቴሌቪዥን አልሰማህም ወይ አለኝ። ራሴን ስቼ ነበር አልኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። እሱ ለእግሬ መስሎት «አይዞህ፣ ነገ ያብጣል፣ ከነገ ወዲያ ይተውሃል» አለኝ። እንባዬ ባሰ።

ወንድምየው ባልዲ የመድፋት ተራው ደርሶ ሲወጣ፣ ሌሎቹም እየሰሙ፣ ሁሉንም አብረውን ለታሰሩት ሽማግሌ ነገርኳቸው። ሽማግሌው የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ ናቸው፤ ጌዴኦዎች ሶንጎ በሚሉት የሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጠው ሰው ሲዳኙ የኖሩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ በዚህ ስንቀልድባቸው እሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም። «ዛሬ አይነገርም» አሉ። «ሆዱ ባዶ ናት። ይብላ፣ ይተኛ። ሲነጋ እኛ እንነግራለን። እነዚያ አይቀድሙንም።»

ያን ማታ ለሽማግሌው ከቤታቸው ቆጮና ትንሽ ሥጋ ገብቶላቸው ነበር። ሁላችንም ከረሃብ የተነሳ ግድግዳ የምንልስ ሰዎች ነን። ግን አንዱ ሆዴን አመመኝ አለ፣ ሌላው ጠግቤያለሁ አለ፣ አንዱ ደግሞ የሌለበትን ጾም ያዘ። ሥጋው ዞሮ ዞሮ ወንድምየው ፊት ይቀራል። ዛሬ ምን ነክቷችኋል አለን። ሽማግሌው፣ የእኔን ምግብ የናቀ ሰው በእኛ አገር ይቀጣል ብለው በእጃቸው አጎረሱት። በላ። ተኛም። እኔ ግን በእግሬ ሕመምም በሌላውም ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

የመስጊዱ አዛን አብቅቶ በክፍተቷ ብርሃን መግባት ሲጀምር ሁላችንም ነቅተናል። አንድ ነገር ግን ቸገረን። መርዶ ነጋሪ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በር ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ሰውየው ያን ሁሉ ሽማግሌ በማለዳ ሲያይ ልቡ ይዘጋጃል። እኛ አብረነው ተኝተን፣ ጉልበታችን ጉልበቱን እየነካ፣ ከየት እንምጣ? ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነስተው የተኙትን እየተሻገሩ ወደ በሩ ሄዱ። ሐሳባቸው ገባን። አንድ በአንድ ተከተልናቸው፤ እኔን ሁለት ሰዎች ደገፉኝ። ጀርባችንን ለብረቱ በር ሰጥተን ቆምን፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን አስተካከለ፣ ኮት ያለው ቆለፈ። ከዚያ ከበሩ ተነስተን፣ እንደሚመጣ ሰው፣ ወደ ጥጉ ሄድን።

ዓይኑን ሲገልጥ ሁላችንም ከፊቱ ቆመናል። ተነስቶ ተቀመጠ። አንድ በአንድ ተመለከተን። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ገና ማንም ሳይናገር ገብቶታል።

«ከየት መጣችሁ?» አለ።

«ከሩቅ ነው የመጣነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ግራና ቀኝ ሰዎች ተቀምጠው ክንዱን ያዙት። «ታላቅህ አረፈች።»

ራሱን እንዳይጥል ያዝነው። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣውም፤ ሲወጣው የዚያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ድምፅ ነበር፣ ቁርጥ እሱን። ደረቱን እየደቃ ወንድሙን እየጠራ አለቀሰ። እኛም ለቅሶውን ለቀቅነው። እናቱ የሞተችበት ለእናቱ፣ ልጁን ያላየ ለልጁ፣ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። በመካከል ሽማግሌው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው መርማሪው ምን እንዳሰበ፣ ቀብሩን ለምን እንደሚያነሳበት ነገሩት። «የምትመልሰውን አንተ ታውቃለች» ብለው ተዉት።

በሩ ተበርግዶ ጠባቂዎቹ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። አድማ መስሏቸዋል። መርዶ ነው የሚል ጩኸት ነበር፤ ማን ይስማ። ያገኙትን ሁሉ ጭንቅላቱን፣ ጀርባውን፣ ጣቱን ይመታሉ። ወንድምየውን መሃል አድርገን ላዩ ላይ ተከመርንበት፤ ዱላው እኛ ላይ ያርፋል። ከእኔ በላይ የነበረው ሰው ደሙ በአንገቴ ሲወርድ ይሞቀኛል። ሽማግሌው ተኙ ቢባሉም አልተኛም ብለው እንደተቀመጡ ክንዳቸውን ከፍ ሲያደርጉ አንድ ረጅም ጠባቂ አሳርፎባቸው አጥንቱ ተሰበረ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ረጅሙ ጠባቂ ያኔ ቆም ብሎ «ምንድን ነው የሆናችሁት?» አለ። «ወንድሟ ሞታ ነው» አሉት ሽማግሌው፣ ክንዳቸው ተንጠልጥሎ። ጠባቂዎቹ ትንሽ መትተውን ወጡ።

ረፋድ ላይ ወንድምየውን ጠሩት። እኔንም አብረው ወሰዱኝ፤ ወሬውን ያወጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። በር ላይ የቆመው ያ ረጅም ጠባቂ ነው። እኔን አንበረከኩኝ። ለወንድምየው ወንበር ቀረበለት። ወንበሩን ተወና መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሐዘንተኛ እንደሚቀመጠው። መርማሪው ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ዘፋኙ አንዲት እናት እጇን ይዞ ከመቀመጫዋ ያስነሳል፤ እሷ ታፍራለች፣ ሰው ያጨበጭባል።

«ይህ ሰው ሞቷል» አለ መርማሪው።

«አውቃለሁ። ሽማግሌዎች አርድተውኛል።»

«የምን ሽማግሌ?»

«እዚህ ያሉት። አብልተው፣ አሳድረው፣ ሲነጋ ነው የነገሩኝ።»

ከበሩ በኩል «እግዜር ያጥናህ» የሚል ድምፅ መጣ። ረጅሙ ጠባቂ ነው። አስቦ የተናገረው አይመስለኝም፤ ከመሬት የተቀመጠ ሐዘንተኛ ሲያይ አፉ ከለመደው ወጣ እንጂ። ዱላው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። መርማሪው ዞሮ አየው። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ጆሮው ሲቀላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ወንድምየው ጉልበት ላይ ወረወረው። ፈርም፣ መኪና ተዘጋጅቷል፣ ቀብሩ ላይ ትደርሳለህ አለው። ወንድምየው ቴሌቪዥኑን አየ። ልዋሽ አልችልም፣ ይፈርማል ብዬ ፈርቻለሁ። ቢፈርምም አልፈርድበትም ነበር። ወረቀቱን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ለቅሶ የምቀመጥበት ቤት አለኝ» አለ።

መርማሪው በጫማው አፉን መታው። የፊት ጥርሶቹ ወረቀቱ ላይ ረገፉ። ከዚያ ጠባቂውን ምታው አለው፤ መታው። እግዜር ያጥናህ ስላለ ዱላው ቀለለ ብል ውሸት ነው። እንዲያውም ባሰ፣ ሰውየው ፈርቷል። የእኔም ተራ ደረሰ፤ የጎድን አጥንቴ እስከ ዛሬ በክረምት የሚነግረኝ የዚያን ቀኑን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘፋኙ ከላይ ይዘፍናል። የሚያጠፋው ሰው እንኳ አልነበረም።

ሲመልሱን ሽማግሌው በሸሚዝ እጅጌ ክንዳቸውን አንጠልጥለው ይጠብቁን ነበር። ወንድምየው ጥጉ ላይ ተቀመጠ። እየተነሳን ወደ በሩ እየሄድን፣ እየተመለስን፣ እግዜር ያጥናህ አልነው። ከዚያ በኋላ የመጣ አዲስ እስረኛ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጥጉ እየተወሰደ እሱን ያጽናና ነበር። ሠራተኞቹን ማንም አልያዛቸውም።

ሲለቁን ምክንያቱን አልነገሩንም፤ ሲይዙንም አልነገሩን። ሽማግሌውን ከእኛ በፊት ለቀዋቸው ነበር። እኔና ወንድምየው በአንድ ቀን ወጣን። ዲላ ቤቴ ሚስቴን አይቼ ሳልጨርስ፣ ወንድምየው ብቻዬን አልገባም ብሎ ይዞኝ ይርጋጨፌ ሄደ።

እህታቸው በር ላይ ጠበቀችን። ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናዋለች፣ ከሻሹ ሥር ግን ተቆርጧል። ቴሌቪዥኑ ከቦታው የለም፤ ተበላሽቶ ሊሠራ ሄዷል አለች። የዘፋኙ ፎቶ ግን እንደ ተሰቀለ ነው። ገባኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥቁር ለብሰው ከርመው፣ ይፈታል ሲባል አውልቀው ነው የጠበቁት። ምንም እንዳልሰማ ነው የሚያውቁት። «እመቤቴ፣ እሱ እኮ…» ልል አፌን ስከፍት፣ ማዕድ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድምየው ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጠኝ።

በግ ታርዷል። ብላ፣ ብላ እያሉ ፊቱን ሰርቀው ያያሉ። የፊት ጥርስ በሌለው አፉ ቀስ እያለ በላ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሲል ቀና አለና እህቱን፣ «እሱስ እንዴት ነው? ተሻለው?» አላት።

መጠየቅ ነበረበት፤ ካልጠየቀ ማወቁ ይታወቃል። እህቱ የውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች «ደህና ነው። ዛሬ ደክሞሃል፣ ነገ እንደውልለታለን» አለች።

«ተመስገን» አለ።

ስንተኛ ለምን አትነግራትም አልኩት። ያሳደጉኝ እሷና እሱ ናቸው፤ ይህን ተሸክማ የከረመችው በወጉ ልትነግረኝ ነው፣ ትንገረኝ አለኝና ፊቱን አዞረ።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። የይርጋጨፌ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ ከኋላቸው እህቱ ጥቁሯን ለብሳለች። ተነስቶ ተቀመጠ። አንድ በአንድ አያቸው። ሲነግሩት ደረቱን ደቃ፣ ወደቀ፣ ያዙት። እንባው እውነተኛ ነበር። እህቱ አንገቱን አቅፋ ከእሱ ጋር እስኪደክማት አለቀሰች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም ነበር አሉኝ።

አሁንም የዘፋኙ ሙት ዓመት ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ነጭ ልብስ ያሳያል። እኔ ሱቄን ዘግቼ ይርጋጨፌ እሄዳለሁ። እህትየው አጠገቤ ትቀመጥና ያን ቀን እንዴት እንደጨነቃት፣ ድንገት ከሌላ ሰው ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ እግዜር ረድቷት ቀድማ እንደነገረችው ታወራኛለች። ወንድምየው ማዶ ተቀምጦ ይሰማታል። እኔም «ደግ አደረግሽ» እላታለሁ።